የዕለቱ ቀሪ ዶዝ ለማን? መልሱ ብልቃጡ ሳይከፈት ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ወረርሽኝ ክትባት ፍትሐዊነት ሲነሳ ክርክሩ ከላይ ይጀምርና እዚያው ይቀራል። ሀብታሞቹ አገሮች ስንት ሰበሰቡ፣ ክትባት ለአገሮች ያከፋፍል የነበረው ዓለም አቀፉ ኮቫክስ ስንት ላከ፣ ለክልሉ ስንት ተመደበ ይባላል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በአንድ ጤና ጣቢያ ጠረጴዛ፣ በተከፈተ ብልቃጥ ውስጥ ስለሚቀሩት አራትና አምስት ዶዞች ግን የሚጽፍ የለም። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በክትባትና በቅዝቃዜ ሰንሰለት (ክትባትን አቀዝቅዞ በማቆየትና በማጓጓዝ) ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስለ እነዚያ ዶዞች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነውና ጉዳዩ ያለፈበት ይመስል ይሆናል። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣም ክትባቱ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ይሆናል፤ የሚመጣውም ብዙ ዶዝ በሚይዝ ብልቃጥ ነው ብለን እንገምታለን። መመሪያ የሚጻፈው ደግሞ ሰው በር ላይ ባልተሰለፈበት ጊዜ ነው።

ቀሪው ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ከ11 ሰዓት በኋላ ከተነሳ መልሱ የታወቀ ነው። ስልክ ከኪስ ይወጣል፣ «ቶሎ ድረስ» ይባላል፣ የሚደርሰውም ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው። ደዋዩን ክፉ ማለት አይቻልም። ዶዙ ሊጣል ነው፣ ጊዜ የለም፣ ስልኩ ውስጥ ያለው የሚያውቃቸው ሰዎች ቁጥር ብቻ ነው። ያው ጥያቄ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ሳለ ቢነሳ ግን የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ስሙ በተራ ይጻፋል። እኛ የምንጠይቀው ይኸው ነው።

ቀሪ ዶዝ እንዴት እንደሚፈጠር እንግለጽ። የካቲት 28 ቀን 2013 በኮቫክስ በኩል አዲስ አበባ የገባው ወደ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት በሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት የተመረተ ነበር። አንዱ ብልቃጥ 10 ዶዝ ይይዛል፤ አንዱ ዶዝ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ማቆያ ኬሚካል ስለሌለው መርፌ ከገባበት በኋላ 6 ሰዓት ሲሞላው ወይም የዕለቱ ክትባት ሲያበቃ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ይጣላል። 30 ሰው ከመጣ ሦስት ብልቃጥ ይከፈታል፣ ምንም አይቀርም። 31ኛው ሰው ሲገባ አራተኛው ይከፈትና ዘጠኝ ዶዝ ይቀራል። ከ40 ዶዝ 31ዱ ተሰጠ ማለት ነው፤ ብክነቱ 22.5 በመቶ። በአንድ ሰው ልዩነት ከዜሮ ወደ 22.5።

የሚመጣው ሰው ቁጥር በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የመጨረሻው ብልቃጥ ውስጥ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ማንኛውም ቁጥር ሊቀር ይችላል፤ አማካዩ 4.5 ነው። እዚህ ላይ ብዙ አስተባባሪዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ይህ 4.5 የሚባዛው በተከታቢው ብዛት ሳይሆን በጣቢያው ብዛት ነው። በከተማው ውስጥ 10 ጣቢያ እስከ ማታ ክፍት ከሆነ በቀን ወደ 45 ዶዝ ባለቤት አጥቶ ይመሻል። ያው ሕዝብ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት በአንድ ጣቢያ ቢከተብ የሚቀረው አራትና አምስት ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ጣቢያዎች ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ አዲስ ብልቃጥ አይክፈቱ፤ የሚመጣባቸውን ሰው ማታ ወደሚሠራው ጣቢያ ይምሩት። ያ ጣቢያ እስከ 12 ሰዓት ይቆይ። እግረ መንገዱንም ቀን ከሥራ መውጣት የማይችለውን የቀን ሠራተኛ፣ የጉልት ቸርቻሪና የባጃጅ ሾፌር ይደርስለታል። የሚንቀሳቀሰው ሰው ይሁን፤ የተከፈተ ብልቃጥ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በባጃጅ ሲንገጫገጭ ባይሄድ ይሻላል። ፋይዘርን የመሰለ ክትባት ከተበረዘ በኋላ መናወጥ አይወድም፤ በማን እጅ ስንት ሰዓት እንደቆየም የሚያውቅ ይጠፋል።

የሰዓቱ ነገር የራሱ ወጥመድ አለበት። የተከፈተ ብልቃጥ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። በእኛ የሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነትም 6 ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተከፈተ ብልቃጥ ላይ አንዱ ባለሙያ የስልኩን ሰዓት አይቶ «9:00» ብሎ ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ የምትገባው ተረኛ 9:00 የሚለውን በአገር ቤት ሰዓት ታነበዋለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትም 9 ይላል። ለእሷ ብልቃጡ አሁን የተከፈተ ነው፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሠራል። እውነቱን ከሆነ መጣያው ሰዓት በዚያችው ደቂቃ ደርሷል። ሌላ ቦታ የስድስት ሰዓት ስህተት ወዲያው ይታይ ነበር፤ እዚህ ግን ስህተቱ ከብልቃጡ ዕድሜ ጋር እኩል ስለሆነ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የተከፈተበትን ሰዓት ትቶ የሚጣልበትን ብቻ መጻፍ፣ ያውም በቃል፦ «ከቀኑ 9 ሰዓት ይጣል»። ብልቃጡ ትንሽ ስለሆነ ቁራጭ ፕላስተር ይለጠፍበትና በማርከር ይጻፍ፤ የባች ቁጥሩን (የምርት ዙሩን መለያ) ግን አይሸፍን።

የማብቂያ ቀኑም እንደዚሁ ነው። ብልቃጡ ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ መዝገቡ በእኛ። «12/2021» የሚለውን የለመደ ዓይን ነሐሴ 2021 ብሎ ቢያነበው ክትባቱ ገና ዓመታት ይቀሩታል፤ ትክክለኛው ቀን ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 ነው። በልገሳ የሚመጣ ክትባት ማብቂያው ቅርብ ሊሆን ስለሚችል መጋዘኑ ሲረከብ ቀኑን ቀይሮ በካርቶኑ ላይ በአማርኛ ይጻፍበት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንምጣ። የ10 ዶዝ ብልቃጥ ቀሪው ከ9 አይበልጥም። ከሚደወልላቸው ግማሹ ብቻ ይደርሳል ብለን ብንይዝ ለአንድ ማታ 18 የተጠባባቂ ስም ይበቃል። 200 ስም መመዝገብ ተስፋ መሸጥ ነው። ስሞቹ የሚመጡት በዚያ ሳምንት ተራው ከደረሰው ክፍል ነው፤ መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች ከሆኑ ከእነሱ፣ ቀጥሎ አዛውንትና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ከሆኑ ከእነሱ። በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል የሆኑትን ማን ይቅደም የሚለውን ሐኪሙ አይወስን፣ ዕጣ ይወስን። እቁብ የሚጥል ሕዝብ የዕጣ ፍትሕ አስተማሪ አያሻውም። ሰኞ ጠዋት የካርድ ቁጥሮቹ ተጠቅልለው በሳህን ይቀመጡ፣ በር ላይ ካሉት አንድ ሰው ያውጣ፣ የወጣው ተራ በዚያው ይጻፍ። በር ላይ የሚለጠፈው ቅጂ የካርድ ቁጥር ብቻ ይኑረው። የማን ስኳር፣ የማን ደም ግፊት እንደሆነ ጎረቤት እንዲያነብ መለጠፍ ሌላ በደል ነው።

ከስሙ ጋር ምን ይጻፍ? ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የቤቱ ልዩ ምልክት (የቤት ቁጥር ይዞ ቤት የሚያገኝ የለም)፣ ስልክ፣ አንደኛ ወይስ ሁለተኛ ዶዝ፣ እስከ ጣቢያው ስንት ደቂቃ፣ በእግር ወይስ በባጃጅ። ከ30 ደቂቃ በላይ የሚርቅ ሰው ለማታው ዝርዝር አይሆንም፤ በሰፈሩ ላለው ጣቢያ ይመዝገብ። የዓባይ ማዶ ሰው በዓባይ ማዶ፣ የዘንዘልማ ሰው በዘንዘልማ።

ይህ የ30 ደቂቃ ደንብ ግን ራሱ አድልዎ አለበት፣ ብንደብቀው ጥሩ አይሆንም። ከጤና ጣቢያ አጠገብ የሚኖር፣ ስልኩ ሁልጊዜ ቻርጅ ያለው፣ የባጃጅ ሒሳብ የማይጨንቀው ሰው ሁሌም ይቀድማል። በስልክ ብቻ የሚሠራ ዝርዝር ስልክ ላለው የተሠራ ዝርዝር ነው። ከ18ቱ ስም ግማሹ በስልክ ከተመዘገበው፣ ግማሹ በእድርና በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኩል ከሚመጣው ይሁን የምንለው ለዚህ ነው። የእድር ጸሐፊ አልጋ ላይ የዋለው ማን እንደሆነ፣ ከልጅ ልጇ ጋር ብቻዋን የምትኖረው አሮጊት ቤት የት እንደሆነ ከማንኛውም ቢሮ ይልቅ ያውቃል። በሐይቁ ዳር ያለውን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ የአብነት ተማሪዎችን፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ፍለጋ ጎዳና ዳር የሚቆሙትን የቀን ሠራተኞች የሚያገኛቸው ሄዶ የሚመዘግብ ሰው ነው። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ተራቸው የቀረበው አምስት ሰዎች ከ10 ሰዓት ጀምሮ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ቁጥር ይዘው ይቀመጡ፣ ቀሪ ላይኖር እንደሚችል ከመነሻው ይነገራቸው፤ ካልደረሳቸው በነጋታው መጀመሪያ ይስተናገዱ። መብራትና ኔትዎርክ በጠፋ ቀን ዝርዝሩን የሚያድነውም ይህ አግዳሚ ነው።

ስልክ የሚደውለው ክትባት ሰጪው አይሁን፤ መዝጋቢው ይደውል። ጥሪው ከ10 ሰዓት ተኩል ይጀምር፤ 12 ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሲል መደወል የሚጠቅመው ጎረቤትን ብቻ ነው። በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይደወል፣ ውጤቱ በሦስት ቃል ይጻፍ፦ መጣ፣ አልተነሳም፣ አልፈልግም አለ። ያልተነሳለት ሰው ተራውን አያጣም፤ ለሦስት ቀን ከላይ ይቆያል። የመጨረሻውን ብልቃጥ መክፈት የሚወሰነው 11 ሰዓት ላይ ነው፦ የተሰለፈው፣ አግዳሚው ላይ ያለውና «መጣሁ» ያለው ተደምሮ ለ10 ዶዙ ብልቃጥ ሰባት ከሞላ ይከፈት። ሰባት ካልሞላ ያሉት ሰዎች የነገውን ቀዳሚ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ይሂዱ፤ ከሩቅ የመጣ ካለበት ግን ቁጥሩን ሳይጠብቁ ይክፈቱት። ሰባት የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ክትባቱ ሲበዛ ይውረድ።

ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ መቀመጥ ግድ ነው፣ የአለርጂ ድንጋጤ ቢመጣ አድሬናሊን የያዘ ባለሙያ አጠገባቸው ይኑር። ስለዚህ የመጨረሻው መርፌ ልክ 12 ሰዓት ላይ ከተወጋ ሠራተኛው የሚወጣው 12 ሰዓት ከሩብ ነው። ይህችን ሩብ ሰዓት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ያላሰበ ዕቅድ ቀሪ ዶዝን ያስጥላል፤ ሰው ወደ ቤቱ ሊሄድ ይቸኩላልና።

ዝርዝሩ አልቆ አንድ ዶዝ ቢቀርስ? ያኔ ለጊቢው ዘበኛ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለአስታማሚው፣ ሰው ላመጣው የባጃጅ ሾፌር ይሰጥ። ከመጣል ማንም ሰው ይሻላል። ግን «ማንም» የሚለው ቃል በሁለት ሳምንት ውስጥ «የኔ ሰው» ወደሚለው ስለሚንሸራተት ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፎ ሁለት ሰው ይፈርምበት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ስለ ግምጃ ቤት ብቻ አይደለም፣ አሥር ዶዝ ይዞ ለዋለም ይሠራል። የሠራተኛ ዘመድ አይከተብ አላልንም፤ በዝርዝሩ ካለ በተራው ይግባ።

አጠራሩም ይታሰብበት። «ትርፍ ክትባት አለን፣ ይምጡ» የሚለው ጥሪ ብዙ ሰው ያስቀራል። ትርፍ የሚለው ቃል ትርፍራፊን ያስታውሳል፤ ሌላው ጠግቦ የተወው፣ ወይም ጊዜው ያለፈበት ይመስላል። ሽማግሌ ለሆነ ሰው ደግሞ ስድብ ነው። ዶዙ ከጠዋቱ የመጀመሪያ ዶዝ ጋር አንድ ነው፣ ሰውየውም በዝርዝር የተመዘገቡ ናቸው። «አባባ፣ የክትባት ተራዎ ደርሷል፤ እስከ 12 ሰዓት ይድረሱ» ማለት እውነትም ነው፣ አጭርም ነው።

ከብልቃጡ ስለሚወጣው መጠን አንድ ነገር እንበል። የመጀመሪያው የፋይዘር ዓይነት ብልቃጥ 0.45 ሚሊ ሊትር ክትባት በ1.8 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውኃ) ተበርዞ 2.25 ይሆናል፤ ስድስት ዶዝ በ0.3 ሒሳብ 1.8 ብቻ ነው። ልዩነቱ በየስሪንጁ አንገትና መርፌ ውስጥ ይቀራል። ውስጡ ብዙ የማያስቀር ጠባብ ስሪንጅ ከሌለ ስድስተኛው ላይሞላ ይችላል። ለተለመደው ክትባት የምንጠቀምበት ባለ 0.5 አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ስሪንጅ 0.3 ለመለካት አልተሠራም፤ ክትባቱ ሲላክ ስሪንጁ አብሮ ካልመጣ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ አንድ ሰው ይጎድላል። ከሁለት ብልቃጥ ቀሪ ቀላቅሎ አንድ ዶዝ መሙላት ክልክል ነው። ማቆያ ስለሌለው አንዱ ከተበከለ ሌላውን ያበላሻል፣ ባቹም ይደባለቃል። መርፌ በጎማው ላይ ሰክቶ መተው፣ ሰው ሳይኖር ስሪንጅ ሞልቶ መደርደር፣ ብልቃጡን በረዶ ላይ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ ቆጣቢነት ይመስላሉ፣ ዶዝ ግን ያስጥላሉ።

ስለ ሁለተኛው ዶዝ የሚረሳ ነገር አለ። ለአንድ ሰው የሁለት ዙር ክትባት ቀሪ ሲሰጠው ለሁለተኛው ዙር የዕዳ ወረቀት ተፈረመለት ማለት ነው። በ2013 ሕንድ ወደ ውጭ የምትልከውን ክትባት ስታቆም የአስትራዜኔካ ሁለተኛ ዶዝ በብዙ አገር ዘግይቷል። ስለዚህ የቀሪ ዶዝ ተከታቢ «በአጋጣሚ የመጣ» ተብሎ በቁራጭ ወረቀት አይያዝ፤ እንደማንኛውም ሰው በዋናው መዝገብ፣ ከቀጠሮ ካርድ ጋር ይያዝ። መንገደኛን፣ ጀልበኛን፣ የሠፈር ቋሚ አድራሻ የሌለውን ሰው በአንድ ዙር በሚያበቃው ጆንሰን ቀሪ ማስተናገድ፤ የሁለት ዙሩን ቀሪ ደግሞ ነገም ለሚገኝ ሰው መያዝ ይሻላል።

ከዚህ ተነስተን ፍትሕ ከብልቃጡ መጠን ይጀምራል እንላለን። አምስት ዶዝ የሚይዘው ጆንሰን አማካይ ቀሪው 2 ነው፤ ባለ አንድ ዶዙ ሲኖፋርም ቀሪ የለውም። ክልሉ ሦስት አራት ዓይነት ክትባት በእጁ ካለ ለሁሉም ወረዳ እኩል ማካፈል እኩል አያደርግም። ባለ 10 ዶዙና ጥልቅ ማቀዝቀዣ የሚፈልገው ፋይዘር ሰው በሚበዛበት በከተማው ይቅር። ባለ አንድ ዶዙ አልጋ ላይ ለዋሉ ሰዎች ቤት ለቤት ይሂድ። ጆንሰን ወደ ሐይቁ ይውጣ፤ አንድ ጊዜ ሄዶ የሚያበቃ ጉዞ ነውና። ትንንሽ ብልቃጥ በፍሪጅ ውስጥ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ለሁሉም አይበቃም፣ ለሚያስፈልገው ነው።

ደቅ ደሴት ላይ 90 ሰው በዝርዝር ካለ 18 ባለ አምስት ዶዝ ብልቃጥ ልኩ ነው። ነገር ግን ሰው በተለያየ ቦታና ሰዓት ስለሚመጣ 25 በመቶ ብክነት ቢታሰብ 90 በ1.33 ተባዝቶ 120 ዶዝ፣ 24 ብልቃጥ ይጫናል። ያልተከፈተው ይመለሳል፤ «ተመላሽ» ተብሎ ምልክት ይደረግበትና በነጋታው ቀድሞ ይወጣል። የክትባት መያዣው ውስጥ የሚገባው አይስ ፓክ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይከተት፤ ሲያናውጡት ውስጡ ውኃ እስኪሰማ ይቆይ፣ አለዚያ ክትባቱ በርዶ ይበላሻል። ሙቀት የሚያስፈራው ሁሉ ብርድን ይረሳል። ጀልባ ላይ መያዣው ከሞተሩ ርቆ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ክዳኑ ወንበር አይደለም። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሳል። ጉዞው ማልዶ ካልተጀመረ ቡድኑ የሞገዱን ሰዓት እያሰበ ሥራውን ያቻኩላል። ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ላይ እምቦጭ መውረጃውን ሊዘጋ ስለሚችል ጀልባው የት እንደሚያርፍ ከአንድ ቀን በፊት ይጠየቅ። ደሴት ላይ የቀረ የተከፈተ ዶዝ ወደ ከተማ አይመለስ፤ ለዓሣ አጥማጁና ለጀልበኛው እዚያው መውረጃው ላይ ይሰጥ፣ ዝርዝሩም ከዋዜማው ይያዝ።

ገዳማቱ የተለየ ዝግጅት ይጠይቃሉ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ሴት አትገባም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ይህ እየታወቀ ቡድን መላክ መያዣውን ለሽርሽር መላክ ነው። ወይ ወንድ ነርስ ይመደብ፣ ወይ መውረጃው ላይ ጠረጴዛ ይዘርጋ፤ መውረድ የማይችሉ አረጋውያን መነኮሳት ስላሉ ግን ሁለተኛው ብቻውን አይበቃም። ዝርዝሩን አበምኔቱ ከዋዜማው ይስጡ። በጾም ወቅት ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ ብልቃጥ ጠዋት ከፍቶ ሰው መጠበቅ አይገባም፤ ሰዓቱ ከእሳቸው ጋር ይቆረጥ፣ ብልቃጡ ከዚያ በኋላ ይከፈት።

ከላይ ያልነው የቁጠባ ደንብ ግን ወደ ሕፃናት ክትባት እንዳይሻገር እንሰጋለን። በወረርሽኝ ክትባቱ ጥቂት ነው፣ ሰው ብዙ። በኩፍኝ ክትባት ግን የሚጎድለው የሚከተበው ልጅ ነው፣ ክትባቱ አይደለም። የኩፍኝ ብልቃጥ 10 ዶዝ፣ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) 20 ይይዛል፤ ከተሟሟ በኋላ ሁለቱም 6 ሰዓት ነው ዕድሜያቸው። «አሥር ልጅ ሳይሞላ አይከፈትም፣ ሐሙስ ተመለሺ» የተባለች እናት ከሩቅ ገጠር ልጅ አዝላ መጥታ ሐሙስ ላትመለስ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ ነው፤ እኛም በዚህ እንጸናለን። አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ የአፍ ፖሊዮና ቲዲ (የቴታነስና የዲፍቴሪያ ክትባት) ደግሞ ሌላ ናቸው፤ የብልቃጡ የሙቀት ምልክት ካልተበላሸ፣ ማብቂያ ቀኑ ካላለፈና በንጽሕና ከተያዙ ከተከፈቱ በኋላ እስከ 28 ቀን ያገለግላሉ። ይህን በየዕለቱ ማታ የሚጥል ጤና ኬላ ካለ ማንም ሳይጠይቀው ዶዝ ያባክናል።

የብክነት ሪፖርቱም ይስተካከል። ሳይከፈት በሙቀት፣ በብርድ ወይም በማብቂያ ቀን የተበላሸ ክትባት የአያያዝ ጉድለት ነውና ይጠየቅበት። ተከፍቶ የቀረው ግን ሩቅ ቦታ ለመድረስ የተከፈለ ዋጋ ነው። ሁለቱ በአንድ ረድፍ ተደምረው «ብክነት ከ10 በመቶ አይበልጥ» ሲባል የደቅ ቡድን ሁልጊዜ ጥፋተኛ፣ የከተማው ሁልጊዜ ምስጉን ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው የታወቀ ነው፦ ወይ ብልቃጥ አይከፈትም፣ ወይ የተጣለው እንደተሰጠ ተደርጎ ይጻፋል።

ከክልሉ ጤና ቢሮና ከኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ የምንጠብቀው ቀጣዩ የወረርሽኝ ክትባት መመሪያ ሲዘጋጅ አንድ ገጽ እንዲጨመርበት ነው። በአንዱ ፊት የ18 ተጠባባቂዎች ሰንጠረዥ፣ በሌላው የመጨረሻው ብልቃጥ መቼ እንደተከፈተ፣ ስንት ሰው ተቆጥሮ እንደተከፈተ፣ ስንት እንደቀረና ለየትኛው የካርድ ቁጥር እንደተሰጠ። ሰዓት በሚጻፍበት ዓምድ ራስጌ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት ብላችሁ ጻፉ» የሚል ታትሞ ይምጣ፤ በእጅ ጨምሩ ቢባል የሚጨምር የለም።

ከሰላምታ ጋር
በክትባትና በቅዝቃዜ ሰንሰለት ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች፣ ባሕር ዳር